ዓይኔ ተሸፍኖ ሳለ

ውድ መላዬ፣

መነጽሩን ከፊቴ ሳነሳ ክፍሉ ሰው ሞልቶት ነበር። ስገባ ከአንቺና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። አሁን ግን ከረባት ያሰሩ እንግዶች፣ የምትሠሪበት ማሠልጠኛ ኃላፊ፣ ስልኳን ወደ እኔ የደገነች አንዲት ሴት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አንቺ በሩ አጠገብ ጣትሽን ከንፈርሽ ላይ እንዳደረግሽ ነበርሽ። ከጎንሽ እናቴ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ። ከዚያ አጨበጨቡ። እናቴ አላጨበጨበችም።

በኮምፒውተር የተሠራ ሌላ ዓለም የሚያሳየውን የቪአር መነጽር ያደረገ ሰው የቆመበትን ክፍል አያይም። ይህን ያስረዳሽኝ ራስሽ ነሽ። "አንቺ እዚያ ስትሆኚ እዚህ እኔ አለሁልሽ፤ ከወንበር ጋር እንዳትጋጪ እጠብቅሻለሁ" ብለሽኝ ነበር። ከወንበሩስ ጠብቀሽኛል።

ሥራሽን አላጣጥልም፤ ቂም ውሸታም እንዲያደርገኝ አልፈልግም። መስማት ለማትችለው ለልብስ ሰፊዋ ልጅ የመምህሩ ንግግር መነጽሩ ውስጥ በጽሑፍ እንዲታያት አደረግሽ። ጫጫታ ለሚያስጨንቀው ተማሪ ጸጥ ያለ፣ ሰው የማይበዛበት ክፍል ሠራሽለት። ቁጥር ወረቀት ላይ ሲያይ የሚደባለቅበት ደግሞ ክፍልፋይን በገዛ እጁ እየቆረጠ ተማረ። እናቴ "መላ" ያለችሽ ለሁሉም ነገር መላ ስለማታጪ ነው፤ አልተሳሳተችም። እኔ በሕግ ተመርቄ ስሜን ስጠየቅ የምንተባተበው፣ መነጽሩ ውስጥ አዳራሽ ሙሉ ታጋሽ አድማጮች አገኘሁ። ሰዓታቸውን አያዩም፣ አያዝኑልኝም፣ ቃሌን ከአፌ ነጥቀው አይጨርሱልኝም።

"ለሰው መናገር የሚከብድሽን እዚያ ተናገሪው" አልሽኝ።

"ቢሰማኝስ ሰው?"

"ማን? እኔ እንደሆንኩ ማዳመጫዬን ሰክቼ ዘፈኔን ነው የምሰማው። ብትሰድቢኝም አላውቅም" ብለሽ ሳቅሽ።

የሚከብደኝን ደግሞ ከማንም በላይ ታውቂ ነበር። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ቃሌን ትጨርስልኛለች። ባለሱቁ ፊት፣ ሐኪሙ ፊት፣ በተመረቅሁበት ዕለት መምህሬ ፊት ሳይቀር። በፍቅር ነው፤ ስጨነቅ ማየት አንጀቷ አይችልም። ይህንን አንድ ቀን እጇን ይዤ፣ በለሰለሰ ቃል ልነግራት ነበር የምለማመደው። የለሰለሰው እንዲመጣ ግን መጀመሪያ ውስጤ የታመቀው መውጣት ነበረበት። ያን ቀን የወጣው እሱ ነው። "እማዬ፣ አፌን የዘጋሽው አንቺ ነሽ" አልኩ። ጮክ ብዬ፣ እየተንተባተብኩ፣ በእውን ለሌሉ አድማጮች። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

ለእሷ ያዘጋጀሁትን ቃል ሳይበስል አውጥተሽ አቀረብሽላት።

እንግዶቹ ፊት "ማ... ማን ፈቀደ..." ብዬ ስጀምር ምን እንዳደረግሽ ታስታውሻለሽ? ፈገግ ብለሽ "ደስታው በዝቶባት ነው፤ ማለት የፈለገችው በጣም ተሻሽያለሁ ነው" አልሻቸው።

ኮሪደሩ ላይ ስይዝሽም አላፈርሽም። "ሰዎቹ ለውጡን በዓይናቸው ካላዩ አይደግፉንም" አልሽ።

"እናቴስ?"

"ወላጅ ይገኝ ተባለ። ምን ልትዪ እንደሆነ እኔ በምን አውቄ?"

"መናገር ስጀምር አልሰማሽም?"

"ታዲያ መሀል ላይ ላቋርጥሽ? በጣም ጥሩ እየሄድሽ እኮ ነበር።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አንቺ ደግሞ ዓይኔንም ባዳ አደረግሽብኝ።

እናቴ አላኮረፈችም፤ ብታኮርፍ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ አብረን መድኃኒት ቤት ሄድን። ባለሙያዋ ምን ልስጥሽ ስትለኝ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ዞር ብዬ እናቴን አየኋት። እሷ መደርደሪያውን ታያለች። ከኋላችን የተሰለፈ ሰውዬ "ኧረ እህቴ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ" አለ፤ ሰው ሳቀ። እንደምንም ጨረስኩ። ስንወጣ እናቴ "ምን አገባኝ ብዬ ነው፣ ልጄ። ደግሞ አፍሽን እንዳልዘጋብሽ" አለችኝ። ልይዛት እጄን ስዘረጋ ቦርሳዋን በመሀላችን ወዳለው ትከሻዋ አዛወረችው።

የልብስ ሰፊዋም ልጅ ወሬው ደርሷታል። "እኔንም ቆመው ያዩኝ ነበር?" ብላ ጻፈችልኝ። መልሱ አንቺ ዘንድ ስለሆነ አንቺው ንገሪያት። አሁን መነጽሩን የምታደርገው ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ነው አሉ። የሠራሽው ትምህርት ለእሷ መስኮት ነበር፤ አሁን እያንዳንዷን ደቂቃ ከኋላዋ ማን ይኖር ይሆን እያለች ትቀመጣለች።

"ሰዎቹ ወደውሻል፤ ለሚቀጥለው ዝግጅት ነይልን" የሚለው መልእክትሽ ደርሶኛል። አልመጣም። ያቺ ሴት የቀረጸችው ይጥፋ፤ መጥፋቱንም በዓይኔ ልይ። እናቴ ዘንድ ሽማግሌ ሆነሽ እንዳትሄጂ። ከእሷ ጋር ያለኝን፣ አንድ ቃል ለማውጣት ሙሉ ቀን ቢፈጅብኝም፣ ራሴ እነግራታለሁ። ልምምዴንም አልተውም፤ ማሠልጠኛው የአንቺ ብቻ አይደለም። በሩን ግን ከውስጥ የምቆልፈው እኔ ነኝ።

ከእንግዲህ ዓይኔ በተሸፈነበት ክፍል እኔ ያልፈቀድኩለት ሰው እግሩን እንዲያስገባ አልቀበልም። ድክመቴ የማንም ማሳያ እንዲሆን አልቀበልም። ንግግሬንም ማንም እንዲጨርስልኝ አልፈቅድም፤ በፍቅር ይሁን፣ በበጎ ዓላማ።

ጓደኛሽ የነበርኩት