በጉብኝቱ ሰዓት ውሃ አልታየም

ለተከበሩ የቤትና አካባቢ ምዘና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ዕድሜዎ እንደ መሥሪያ ቤትዎ የምሳ ሰዓት የረዘመ፣ ወገብዎም ከሕመም የራቀ ይሁንልኝ። ወገብን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብዬ እውልና የተረፈኝን ወገብ አባቴን ከሦስተኛ ፎቅ ለማውረድ እጠቀምበታለሁ። አባቴ እግራቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት አልፏል። ከተከራየንበት ቤት እስከ መንገዱ አርባ ስምንት ደረጃ አለ፤ እኔና ባለቤቴ ከነተሽከርካሪ ወንበራቸው ተሸክመን ስናወርዳቸው እሳቸው ደረጃውን ይቆጥሩልናል። ምድር ላይ ያረፈ፣ ደረጃ የሌለው ቤት ለመግዛት ስንፈልግ የከረምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቤቱን ያውቁታል። ማለቴ፣ ወረቀቱን ፈርመዋል። ከድልድዩ ወረድ ብሎ ያለው፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ነው። ከጀርባው መስኮቱ ወደ ግቢው የሚያይ፣ ለአባቴ አልጋ ተለክቶ የተሠራ የሚመስል ክፍል አለው፤ ገና ሳየው ልቤ እዚያው ቀረ። ያለ እርስዎ ጽሕፈት ቤት ወረቀት ቤት አይገዛምና ባለሙያዎ መጥተው መዘኑልን፤ ወረቀቱም በሦስተኛው ቀን አንዱ ለሻጩ፣ አንዱ ለእኛ ደረሰ። «ለመኖሪያ ምቹ። የጎርፍ ስጋት፦ የለም። በጉብኝቱ ሰዓት ውሃ አልታየም» ይላል። ለዚህ ሁሉ ድካም የሚገባዎትን ምስጋና እንዳላዛንፍ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1ኛ. ስለ ባለሙያዎ ቅልጥፍና አመሰግናለሁ። እኔ አንድ ሱሪ ለማሳጠር ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ እሳቸው ቤቱን ከነሰፈሩ በዘጠኝ ደቂቃ ጨርሰዋል። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ወር፣ በቀትር መጥተው ውሃ ፈለጉ፤ አላገኙም፤ አላገኘሁም ብለውም በታማኝነት ጻፉ። ጫማቸው አዲስ የተወለወለ ስለነበር የጀርባውን ክፍል ከደጃፉ ላይ ሆነው አንገታቸውን አስግገው አይተው «ይሄም ያው ነው» አሉ። እኔ ደግሞ ከባለሙያ በላይ ማን ሊያውቅ ብዬ አፌን ያዝኩ።

2ኛ. ወረቀቱ በደረሰን ማግስት፣ ደስታው አላስቀምጠኝ ብሎ የመጋረጃ ልክ ልወስድ አባቴን ይዤ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ሜትሬን ስዘረጋ ሶኬቶቹ ሁሉ ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃያ ላይ መተከላቸውን አየሁ። አንዱ ብቻ ቢሆን የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጎንበስ ማለት ሰልችቶት ነው እል ነበር፤ ግን አንድም ዝቅ ያለ የለም። ሻጩን ብጠይቃቸው «ለልጆች ደህንነት ነው» አሉኝ። ሻጩ ልጅ የላቸውም። ከእሳቸው በፊት የኖሩትም አሮጊት እናታቸው ነበሩ። ላልተወለደ ልጅ ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?

3ኛ. የጀርባው ክፍል ግድግዳ ከላይ ያረጀ ነጭ ቀለም፣ ከታች እስከ አንድ ሜትር ከአሥር ድረስ አዲስ ቡናማ ዘይት ቀለም ተቀብቷል። «ለጽዳት ይመቻል» ተባልኩ። የአባቴ አልጋ ከፍታው ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን ለእርስዎ ማስላት ድፍረት ይሆንብኛል።

4ኛ. የአካባቢውን ምዘና በተመለከተ፣ ቅጽዎ «ሰፈሩ ሰላማዊ፣ አገልግሎት የተሟላለት» ይላል፤ እውነት ነው፣ በስተቀኝ ሱቅ አለ። ባለ ሱቋ ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ሳሙናውን ሁሉ ከላይ ከላይ ደርድራ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠችው የፕላስቲክ ባልዲና ጆግ ብቻ ነው። ለምን ብዬ ጠየቅኳት። «እህቴ፣ ሰፈሩ እንኳ ጥሩ ነው፤ ክረምት ክረምት ብቻ ትንሽ ያስቸግራል» አለችኝና ትንሹን በእጇ አሳየችኝ። እጇ ያረፈው ጡቷ ላይ ነው። ባለሙያዎ ከዚህች ሴት ሱቅ ቀዝቃዛ ውሃ ገዝተው እንደጠጡም ነግራኛለች፤ ስለዚህ ውሃ ጨርሶ አልታየም የሚለው ቢያንስ በዚህ በኩል መታረም ይኖርበታል።

5ኛ. ይህን ላስረዳ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ ነገ ነይ ተባልኩ፤ ነገ ስመጣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በሦስተኛው፣ አንዲት ትሁት ሠራተኛ ቅጹ ስለ ክረምት የሚጠይቅ ቦታ ስለሌለው የማመለክተው ነገር እንደሌለ አስረዳችኝ። እሺ፣ ማኅደሩን ልይ ብል ወደ ሦስተኛ ፎቅ ላከችኝ። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት አልነበረም ወይ ብላቸው የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ሳቁ። «አምና ውሃ ገብቶ ስንቱን ፋይል አበላሸብን መሰለሽ፤ ኃላፊው ራሳቸው ናቸው በአስቸኳይ ይውጣ ያሉት» አሉኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ያለው ከዚያ ቤት ሰባት በር ከፍ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ለፋይል እንዲህ የሚራራ አንጀት ስላለዎት በበኩሌ ኮርቻለሁ።

አሁን ደግሞ በቁጥር የማይገባውን ልንገርዎት። አባቴ ግንበኛ ነበሩ። አርባ ዓመት ግድግዳ ሲያቆሙ በሠፈራችን የሚታወቁት በአንድ ነገር ነው፤ እሳቸው ያልገነቡትን ግድግዳ አመስግነው አያውቁም። ሰርግ ቤት ተጠርተው ሄደው እንኳ ልስኑ ተጣሟል ብለው ባለቤቱን ያሳፈሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን እኔ መጋረጃ ስለካ እሳቸው በጀርባው ክፍል ወንበራቸው ላይ ሆነው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ «ጥሩ ግድግዳ ነው፤ ግዢው ልጄ» አሉኝ።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ሶኬቱም፣ ቀለሙም፣ ባልዲውም እንደ አባቴ ምስጋና አላስደነገጡኝም። ቤታችን ገብተን በጥያቄ ወጥሬ ስይዛቸው፣ ትንሽ ካንገራገሩ በኋላ ተናገሩ። «ግድግዳው ውሃ ጠጥቷል። አንድ ክረምት አይደለም፣ ብዙ ክረምት። እጄ መቼ ይሳሳታል?» አሉ። ታዲያ አባባ ምነው ዝም አሉ ብላቸው «የአንቺ ወገብ አሳዘነኝ። እኔ እንደሆነ ከእንግዲህ ስንት ክረምት ልኖር ነው?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እግራቸው የከዳቸው ሽማግሌ በዘጠኝ ደቂቃ ሳይሆን በአንድ መዳፍ የመዘኑትን ቤት፣ ለልጃቸው ወገብ ሲሉ ሊሰጥሙበት ተስማምተው ነበር። እሳቸው የዋሹት ለእኔ አዝነው ነው። የእርስዎ ወረቀት ለማን አዝኖ እንደሆነ ግን ብዙ አስቤ አልደረስኩበትም። ተናድጃለሁ፤ ይህን በትህትና ቋንቋ እንዴት እንደሚጽፉት ስለማላውቅ እንዲሁ ጽፌዋለሁ።

ቤቱን አልገዛነውም። አርባ ስምንቱ ደረጃ እንዳለ ነው፤ ወገቤም እንዳለ ነው፤ አባቴም አሉልኝ። ከእርስዎ የምለምነው አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ ያንን ወረቀት ይሰርዙት፤ ሌላ ሰው ይዞት ወደዚያ ክፍል አልጋ እንዳያስገባ። ለዚህ ስብሰባ አያስፈልግም፤ እስክሪብቶ ይበቃል።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ከፍ ካለው ቢሮዎ ዝቅ ብለው እስኪያነቡልኝ ድረስ በአክብሮት እጅ ነስቼ እጠባበቃለሁ፤

የማኅተምዎ ክብነት ዘወትር የሚያስደንቃት፣
ልብስ ሰፊዋ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦ ቤት ለመግዛት ለሚያስብ ሁሉ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ላደርስ ስመጣ በሰማያዊው በር በኩል አለፍኩ። ቤቱ ተሽጧል። የገዙት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ ገና መሄድ ያልጀመሩ መንታ ልጆች አሏቸው፤ የሕፃናቱ አልጋ ወደ ጀርባው ክፍል ሲገባ ቆሜ አየሁ። ለሚስትየዋ የማውቀውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ጨዋ ናት፤ እስክጨርስ አዳመጠችኝና ወደ ውስጥ ገብታ የእርስዎን ወረቀት ይዛ ወጣች። ፊርማዎን በጣቷ እያሳየችኝ «የኔ እህት፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር እሳቸው ይፈርሙ ነበር?» አለችኝ። ክረምት ሊገባ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። እባክዎን ሄደው ይንገሯት። እኔን አላመነችኝም፤ እርስዎን ታምናለች።