ራጅ ተብሎ የተቃጠለው ፕላኔት

ደርዬ፣ የኔ ሰው፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ሰላም ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተን መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ? ልጃችን ሕሊና ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ አጥሩን አሳድሰናል፣ የጎባ ብርድ እንደተውከው ነው። እኔ ግን ተናድጃለሁ። የተናደድኩትም በታላቅ ወንድምህ በጋሽ ታደሰ ነው።

መጀመሪያ ፎቶህን አቃጠሉት። ያንን ሳሎን ላይ በፕላስተር የለጠፍከውን፣ ውጭ አገር ስትማር ከጓደኞችህ ጋር ያገኛችኋትን ፕላኔት ፎቶ። ለቀስተኛ ሲገባ ግድግዳው ላይ ያለው ሁሉ ወረደ፤ ያ ወጉ ነው፣ አልከፋኝም። በሠልስትህ ማግስት ግን ጋሽ ታደሰ የመድኃኒትህን ብልቃጥና የሆስፒታል ወረቀትህን ሰብስበው፣ የሕመም ዕቃ ቤት ውስጥ አያድርም ብለው ጓሮ እሳት ለቀቁበት። ፎቶህም አብሮ ነደደ። ጥቁር ነው፣ መሐሉ ላይ ይበልጥ የጠቆረ ክብ አለ፣ ከጎኑ ነጭ ነጥብ፤ የሳንባህ ራጅ መሰላቸው። ሰው አንዴ እንኳን አይጠይቅም?

ይህን ውጬው ነበር። አሁን ለሙት ዓመትህ ሐውልት ሊሠራ ሲል «ከሌላ ፀሐይ ጎን ያለች ዓለም ካዩ ሰዎች አንዱ» ተብሎ ይቀረጽ አልኩ። ጋሽ ታደሰ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ይህማ ጉራ ይሆናል፣ ማስረጃውስ የት አለ፣ መምህር ነበር ከተባለ ይበቃል። ማስረጃውን በገዛ እጃቸው አመድ አድርገው ማስረጃ ይጠይቁኛል። እንደዚያ ተናድጄ እንኳን አንቱታውን አልተውኩም፤ ይህን ቁጠርልኝ።

ደግሞ አንተን ጉረኛ! ነጥቧ ከኋላ ያለ ሌላ ኮከብ ብትሆንስ ብለህ፣ ከኮከቡ ጋር አብራ መጓዟ እስኪረጋገጥ ከዓመት በላይ አፍህን ይዘህ የቆየህ ሰው። ከሮቤ በሚኒባስ ስንመለስ ፀሐይዋን በመዳፍህ ጋርደህ፣ ከጎኗ የሚያንዣብበውን አሞራ ያሳየኸኝ ትዝ ይልሃል? እኛም ኮከቡን እንዲህ እንጋርደዋለን፣ ያ ጥቁር ክብ መጋረጃው ነው አልከኝ። ፕላኔቷ ግዙፍ ብትሆንም ገና ሕፃን ናት፣ የተወለደችበት ሙቀት አልለቀቃትም፣ ካሜራው የሚያየው ያን ግለቷን ነው አልክ። ተሳፋሪው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶህ ነበር፤ ከፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ ሱብሃነላህ እያሉ እስከ ጎባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ባለፈው ሳምንት ሕሊና ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ አገኘችው። ሮቤ አሳትማ አመጣችልኝና ጋሽ ታደሰ ፊት ዘረጋሁት፤ ምን እንደሆነም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ወንድሜን የበላብኝ ይህ ነው ብዬ፣ አመድ እስኪሆን ቆሜ አየሁት አሉ። በቀብርህ ቀን እንኳን እንደዚያ ሲያለቅሱ አላየሁም። በማግስቱ ሐውልት ሠሪው ዘንድ ራሳቸው ሄደው ቃሉን አስጻፉ።

ልቤ ራርቶላቸዋል፤ ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። በሽታህ መስሏቸው ያቃጠሉት ደስታህን ነበር። ደግሞ እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ አገር ሁሉ ምን ሆኖ ሞተ ብሎ ይጠይቀኛል፣ ምን አየ የሚለኝ አንድ ሰው የለም። ስለዚህ ቃሌ ይኸው፦ በሕይወት እስካለሁ፣ ስምህ በተነሣ ቁጥር፣ ከሞትክበት ሕመም አስቀድሜ ያየኸውን እናገራለሁ። ባይጠይቁኝም።

ያንተው አስቴር