ስሜ የሌለበት አልበም

ኅዳር 4፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ጉሮሮዬ ተልጧል። ዝንጅብል እያኘክሁ ነው የምጽፍብሽ፣ ማስታወሻዬ። ሰባተኛውን ዘፈን ዛሬ ጨረስን። የሩዝ መፈልፈያው ሞተር ሲነሣ እኛም እንነሣለን፤ ሲያርፍ እናርፋለን። ከሩዝ መጋዘኑ ጀርባ ምን እንደምንሠራ የወረታ ከተማ አያውቅም። ባለ መፈልፈያው የሸጋው አጎት ናቸው። ጆሯቸው ከደነቆረ ቆይቷል፤ ግድም የላቸው።

አልበሙ አሥር ዘፈን ነው። ሁሉም የድሮ የፈረንጅ ሮክ፣ አባቶቻችን ጎረምሳ ሳሉ የወጣ። እኛ ፓንክ በሚሉት የጩኸት ስልት እናጣድፈዋለን። አምስት ደቂቃ የነበረው ሁለት አይሞላም። ሸጋው ጊታር፣ ማንደፍሮ ድራም፣ እኔ ድምፅ። ዘፈኑን ቆርጬ የቀጠልሁት እኔ ነኝ። የአሥሩንም ግጥም በሰማያዊው ደብተር በፊደላችን ጻፍሁ፤ ከላዩ የዜማ ምልክት አደረግሁበት። የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚሮጥ፣ የት ጭጭ እንደሚባል። መርጌታ አባቴ ወንድ ልጅ ስለሌላቸው ምልክቱን ለእኔ አስተማሩኝ። ለዚህ እንዳዋልሁት ቢያዩ ጉዴ ነው።

ቀረጻው ባ/ዳር፣ ኅዳር 23። አሥራ ዘጠኝ ቀን!

ኅዳር 7፣ 11 ሰዓት

ተባረርሁ።

ሸጋው ከባ/ዳር አንዲት ዘፋኝ አምጥቷል። የአልበሙን ሽፋን በስልኩ አሳየኝ። ሦስት ስም አለበት፤ የኔ የለም። ለአንቺው ብዬ ነው አለኝ። የመርጌታ ልጅ እንዲህ ስትጮኽ ከተማው ምን ይላል አለኝ። ስድስት ወር ሙሉ ስጮኽለት ከተማ አልነበረም? ደብተሬን ስጠኝ ብለው የቡድኑ ነው ብሎ የጊታሩ ሻንጣ ውስጥ ከተተው። ማንደፍሮ ጫማውን ያያል። ፈሪ።

ከዛሬ ጀምሮ ስሙን ሙሉ አልጽፍለትም። ሸ. ይበቃዋል።

ኅዳር 9፣ ጠዋት

የጊታሩን ክር በምላጭ ልቆርጠው አሰብሁ። አዲስ ይገዛል። ለአጎትየው ልናገር አልሁ። አይሰሙም። እናቴ ሩዝ ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳስብ ኖሬ፣ ጥርስሽን ምን ያፋጭሻል አለችኝ። ሆዴን ነው አልኋት። ውሸትም አይደለ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይቆየኝ።

ኅዳር 13፣ 5 ሰዓት

ደስ ብሎኛል! ማንደፍሮን ባጃጅ ተራው ላይ አገኘሁት። ልዝጋው ብል አልቻልሁም፣ ወሬው ጣፈጠኝ። ልጅቷ ግጥሙን ታነባለች፣ ምልክቱ ግን የዝንብ ኩስ ነው የመሰላት። የት እንደምትተነፍስ አታውቅም። ልምምዳችንን በስልክ የቀዱት ሁሉ ሞተር ብቻ ነው የሚሰማበት። ሸ. ቆርጬ የቀጠልሁትን አንዱንም በቃሉ አልያዘም። ጊታሩን ሲያይ ነበራ!

ስድስት ጊዜ ደወለ። አላነሣሁም። ሁለት እንጀራ በላሁ።

ኅዳር 18፣ 9 ሰዓት

ጉድ ፈላ። ሸ. ደብተሩን ይዞ አባቴ ዘንድ ሄደ። በከተማው ምልክት የሚያነብ ሲያጠያይቅ ወደ እሳቸው መሩት፤ ያ ጅል ከእኔ የሚሰወር መስሎት የማን እንደሆነ አልተናገረም። የምልክቱን ፍቺ ከሥሩ በተራ አማርኛ ይጻፉልኝ ብሎ ለመናቸው። አባቴ ደብተሩን ሳይገልጡ እሺ አሉት፤ ከጽዮን ማግሥት መጥተህ ውሰድ አሉት። ከሄደ በኋላ ገለጡት። የእጄ ጽሕፈት። ያረቁት እኮ ራሳቸው ናቸው።

ቤት መጥተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። መቋሚያው እስኪያርፍብኝ ጠበቅሁ። የማን ሥራ እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። ሁሉንም ዘረገፍሁት፤ መጋዘኑን፣ ዘፈኑን፣ ከሽፋኑ የጠፋውን ስሜን። ምልክቱ የተሠራው ለዚህ አይደለም፣ በየጠዋቱ አርባ ስግደት አሉኝ። ቀጥለውም፦

«ቃል ሰጥቻለሁ። የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ፍቺላቸው።»

ለዚያች! በገዛ እጄ!

ኅዳር 19፣ 4 ሰዓት

አርባ ሰገድሁ። እየሰገድሁ ሳለ መላው መጣልኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ፈታሁላቸው። ትንፋሽ በሚወሰድበት «ሳትተነፍሺ ቀጥዪ» ብዬ ጻፍሁ። ጭጭ በሚባልበት «በኃይል ጩኺ»። ስምንተኛው ዘፈን ላይ ከድራሙ ጋር ትላተማለች። ስቱዲዮው የተያዘላቸው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። እኩለ ቀን ሳይደርስ ጉሮሮዋ ይዘጋል፣ ሸ. ፀጉሩን ይነጫል። ካልበላሁት ጭሬ ልበትነው አለች ዶሮ። ዶሮዋ እኔ ነኝ። አሥሩንም በአንድ ቁጭታ ጨረስሁ፤ እጄን እንኳ አላመመኝም።

ኅዳር 20፣ 10 ሰዓት

አባቴ አምጪ አሉኝ። ቆመው አነበቡ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የፈረንጁን ዘፈን በምልክቴ ቀስ ብለው ሲያዜሙት ሰማሁ። ማን ያምነኛል? ወደ ፍቺው ሲወርዱ ቆሙ።

«ይህን የተከተለ ሰው ይታፈናል። ሳታውቂ ነው?»

«አውቄ ነው» አልሁ።

በጥፊ የሚሉኝ መሰለኝ። መጽሐፍ የሚገለብጥ ሰው መጨረሻው ላይ ስሙን ያኖራል አሉ፤ በደግ ከጻፈ እንዲመረቅበት፣ ካጣመመም እርግማኑ ሌላ ሰው ላይ እንዳያርፍ።

«እንግዲያው ስምሽን ጻፊበት» ብለው ብዕሩን ሰጥተውኝ ወደ ሠርክ ጸሎት ሄዱ።

ብዕሩን ይዤ ቀረሁ። ስሜ ቀረ ብዬ ስንገበገብ የሰነበትሁት ሴትዮ ስሜን መጻፍ አቃተኝ። ሸ. ከሠራሁት ላይ ስሜን ነጠቀኝ፤ እኔ ካበላሸሁት ላይ ላኑረው? አልጽፍም። አባቴንም ተናደድሁባቸው። በዱላ ቢሉኝ ይሻል ነበር።

ኅዳር 22፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

የሐሰቱን ፍቺ በምላጭ ፋቅሁት። ትናንት በዓል ነበር፣ እናቴ በበዓል ቀን ምን ትፍቂያለሽ እያለች ስትቆጣ ዋለች። እውነተኛውን ፍቺ ጻፍሁ። በአሥሩም ዘፈን ራስ ላይ ስሜን በቀይ አኖርሁ፦ ቆርጣ የቀጠለች፣ ምልክት ያደረገች ይታይሽ።

ሸ. አሁን መጥቶ ወሰደ። አባቴ ከእሷ እጅ ተቀበል አሉት። ገለጠው፤ ቀዩን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ሽፋኑ አልቋል፣ አይቀየርም አለኝ። አመሰግናለሁ እንኳ የለ። ይሁን። ደብተሩ የአባቴ ቃል ነበር፣ ተፈጸመ። ድምፄን ግን ማንም ቃል አልገባለትም።

እሱን ሸኝቼ ማንደፍሮን ጠራሁት። ከነገው ቀረጻ በፊት፣ ዛሬ 8 ሰዓት ባጃጅ ተራው ላይ አሥሩንም እዘፍናለሁ፣ ወረታ በሙሉ በስልኩ ይቅረጸኝ፣ ስሜን በየዘፈኑ መሐል እጠራለሁ፣ ድራምህን ታመጣለህ ወይስ እንደ ልማድህ ጫማህን ታያለህ አልሁት። ጫማውን አየ። ከዚያ አመጣለሁ አለ። ነገ ሸ. ባ/ዳር ደርሶ ስቱዲዮ ሲገባ አልበሙ በሰው ሁሉ እጅ ይሆናል። ከተማው ምን እንደሚል ያኔ ይጠይቅ።

ለአባቴ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ሄጄ ነገርኋቸው። የት፣ ስንት ሰዓት፣ ምን። ከመጽሐፋቸው ቀና አላሉም። ገጹን ገለጡ።

«ስግደቱን ነገ ስልሳ አድርጊው» አሉኝ።