ያላየኋቸው ሕዋሳት

ሰኞ፣ ጥር 5
ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያደረ ሰው ጠዋት ለምን ይደክመዋል? ዛሬም አውቶብስ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ከተመረቅኩ ዓመት አልሞላኝም፣ ከአሁኑ እንደ ጡረተኛ...

ላብራቶሪ ስደርስ የማሳድጋቸው የነርቭ ሕዋሳት ሞተዋል። የነርቭ በሽታ ለማስመሰል የጨመርኩባቸው መርዝ ማይቶኮንድሪያውን፣ የሕዋሱን ኃይል ማመንጫ፣ እንደሚጎዳው አውቃለሁ። ሽፋኑ ሲበሳ ውስጡ የነበረ ፕሮቲን ይፈስሳል፤ ያኔ ሕዋሱ ቆራጭ ኢንዛይሞቹን ቀስቅሶ ራሱን በሥርዓት ያፈርሳል። የምንሞክረው አዲሱ መድኃኒት ይህን ማስቆም ነበረበት። አላስቆመም።

የአባዬ እጅ የሚንቀጠቀጠው እንዲህ ያሉ ሕዋሳት እያለቁበት ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 7
እራት ላይ አባዬ ሾርባውን ደፋ። ጨርቅ ይዤ ብድግ አልኩ።
"ተዪው።"
"ምንም አይደል እኮ አባዬ..."
"ፊቴን ካየሽ ስንት ጊዜሽ ነው? እጄን ብቻ ነው የምታዪው።"
ሳህኑን ይዞ ክፍሉ ገባ።

አርብ፣ ጥር 9
አባዬ አሁንም ብቻውን ነው የሚበላው።

መርዝ ያልነካቸው ሕዋሳት ጭምር ሞቱ። ለምን? ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ እንደተጣድኩ አለቃዬ በኋላዬ አለፈች። "አንቺ ልጅ፣ ሕዋስ ነው ወይስ ሙሽራ? ዓይንሽን ንቀዪላቸው እንጂ።" ሳቅሁ። የድካም ሳቅ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13
መርዝ የሌለባቸውን ሕዋሳት በሁለት ትንንሽ የመስታወት ሳህን ከፈልኩ። ለሁለቱም እንደ ወትሮዬ ማይቶኮንድሪያውን የሚያበራውን ቀለም ጨመርኩ። አንዱን ማይክሮስኮፕ ሥር አዋልኩት፣ ሌላውን ጨለማ ውስጥ ተውኩት።

ያየሁት አልቋል። ያላየሁት ደህና ነው።

የማይክሮስኮፑ ብርሃን ነው ለካ። ሲበዛበት ቀለሙ ራሱ ማይቶኮንድሪያውን ይጎዳዋል። መድኃኒቱን ስንት ሳምንት አማሁት... ገዳይዋ እኔ።
ለአለቃዬ ነገርኳት።
"እኔም በጊዜዬ ስንቱን ፈጅቻለሁ" አለች።
"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"
"አርብ ምን አልኩሽ?"

እሑድ፣ ጥር 18
ብርሃኑን ቀንሼ፣ አልፎ አልፎ ብቻ እያየሁ ሙከራውን ደገምኩት። መድኃኒቱ ካገኛቸው ሕዋሳት ጥቂቶቹ ተርፈዋል። ጥቂት ነው። ለአባዬ ላይደርስም ይችላል፤ የሞተው አይመለስ...

ምሳ ሲቀርብ የአባዬን በር አንኳኳሁ። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። ከስቷል። መቼ ነው እንዲህ የከሳው?
"አባዬ፣ አብረን እንብላ።"
"ሾርባ ነው?"
"ሾርባ ነው።"
እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። "ብደፋውስ?"
"ይደፋ። ና በቃ፣ ወንበርህ ባዶ ሆኖ አስጠላኝ።"