እጅ ንሡ ስለተባሉት ፊደላት

ለክቡር የማተሚያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ በተለይም የአንገትዎን ሁኔታ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሚያጎነብስን ሰውና ወረቀት ቁልቁል ሲመለከት የሚውል አንገት ምን ያህል እንደሚደክም መገመት አያዳግተኝምና። እኔ በፊደል ቀረጻ ክፍል የምሠራው ሠራተኛዎ ደኅና ነኝ፤ ባልሆንም ከዚህ ወዴትም መሄድ አልችልም። አቤቱታዬን በጋዜጣ የማወጣው ክቡርነትዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ በሌላ መንገድ እርስዎ ዘንድ የሚደርስ ደብዳቤ መጻፍ ስለተሳነኝ ነው፤ ምክንያቱን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ለመጻሕፍታችን የተዘጋጀው ሰያፍ፣ ማለትም ወደፊት ያዘነበለ ፊደል የእጄ ሥራ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመን ፊደል በኮምፒውተር ገፍቶ ማጋደል ማንም የሚችለው ነገር ቢሆንም፣ እንዲህ የተገፋ «ለ» አንድ እግሩ አየር ላይ ይቀራል፣ «ጠ» በሦስት እግሩ ይንገዳገዳል፣ «ዐ» ደግሞ ሊንከባለል የተዘጋጀ እንቁላል ይመስላል። ስለዚህ የጥንት ጸሐፊዎች ብዕር ሲፈጥን እንዴት እንደሚያዘነብል አጥንቼ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ሣልኩት። ዓላማው አንድ ብቻ ነበር፦ በገጹ መካከል የሌላ ሰው ቃል ሲጠቀስ፣ አንባቢው ተናጋሪው መለወጡን በዓይኑ እንዲሰማ። ዛሬም ያልተሻረው የቤታችን የአጻጻፍ ደንብ «በሰያፍ የተጻፈ ሁሉ የሌላ ሰው ቃል ነው» የሚለው ለዚሁ ነው።

2ኛ. ናሙናው በቀረበልዎ ዕለት መነጽርዎን ከፍ አድርገው «እነዚህ ፊደሎች እጅ ይነሣሉ እንዴ!» በማለት የተደሰቱትን ደስታ አልረሳውም። «የለም ክቡር፣ ወደፊት እየተራመዱ ነው» ልል አፌን ስከፍት የክፍል ኃላፊዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ፤ እርስዎም ዝምታዬን እንደ ስምምነት ስለቆጠሩልኝ አመሰግናለሁ። ወዲያው በወጣው መመሪያ መሠረት በቤቱ ያለ ማንኛውም ደብዳቤ ከራስጌ እስከ ግርጌ እጅ በሚነሣ ፊደል እንዲጻፍ፣ ቀጥ ባለ ፊደል የተጻፈ ግን፣ ቀድሞ የተጻፈም ቢሆን፣ እንዳልተጻፈ እንዲቆጠር ታዘዘ። ለእውነት ለመመስከር ያህል፣ ደረጃው ሥር ያለው «ወለሉ ያንሸራትታል» የሚለው ማስታወቂያ ከዚህ በኋላ ይበልጥ አሳማኝ ሆኗል።

3ኛ. ዓይናቸው አጥርቶ የማያይ ልጆች የሚማሩበት አንድ ትምህርት ቤት፣ የንባብ መጻሕፍቱን ፊደል እንድቀርጽለት ቀጥሮኛል። ልጆቹ አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ ተጠግተው ነው የሚያነቡት፤ የሚያስፈልጋቸው ወፍራም፣ ሰፋ ያለ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም ፊደል ነው። ትምህርት እስኪከፈት ቦታዬን ጠብቀውልኛል፤ ከእኔም የጠየቁት ከዚህ ቤት የተሰጠ መልቀቂያ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ማመልከቻዬ ቀጥ ባለ ፊደል ስለነበር «አልተጻፈም» ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛውን መመሪያዎን አክብሬ በገዛ ሰያፍ ፊደሌ ጻፍኩት። ማኅተሙን በአንገታቸው አንጠልጥለው ስለሚዞሩ ሁላችንም እትዬ ማኅተም የምንላቸው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ደንቡን አውጥተው አነበቡልኝና «የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ጥቅስ ነው። ልቀቁኝ ያለው ሰውዬ ማነው? እሱን አምጪውና እንለቀዋለን» አሉኝ። «እኔው ነኝ» ብላቸው፣ «እሱማ አንቺ ትያለሽ፤ ወረቀቱ አይልም» አሉ። ልቆጣቸው አልቻልኩም፤ ደንብ አንብበው የሚሠሩ ሰው በዚህ ቤት ብርቅ ናቸው፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ወደ ደንቡ ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ሦስተኛውን በእጄ ብጽፈው፣ ግማሹ የቆመ ግማሹ ያዘመመ ሆኖ ስለተገኘ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያደላ እንዲያጣራ ለኮሚቴ ተመርቷል። ኮሚቴው ገና አልተቋቋመም።

4ኛ. ይህ አቤቱታ ሳይሆን የተላከ ጥያቄ ነው። ሻንጣዬን ከበሩ ሥር እያነሣች አቧራውን የምትጠርገው እናቴ «እንደው ልጄ፣ አንቺን የያዘሽ ሰው ነው ወይስ ፊደል?» ብላ ጠይቃኛለች። ክቡርነትዎ መልሱን ካወቁት ለእሷ ቢነግሯት ደስ ይላታል።

ፊደሎቼን ከመጽሐፍ ገጽ አንሥተው ለማያልሙት ማዕረግ ስላበቁልኝ፣ የሠራሁትንም በር እኔው ላይ ስለቆለፉልኝ ያለኝን ምስጋና በዚህች አጭር ጽሑፍ መወጣት አይቻለኝም።

በማይላላ አክብሮት፣ ካለሁበት ሳልነቃነቅ፣
ወድዳ የገባች፣ ሳትወድ የቀረች ሠራተኛዎ፣
የፊደል ቀራጭዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በናሙናው ዕለት ቢሮዎ ውስጥ ፊርማዎን ስጠባበቅ ከወንበርዎ በላይ በመስታወት የተሰቀለውን የሹመት ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ያማረ ደብዳቤ ነው፤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ነጥብ ቀጥ ባለ ፊደል የተጻፈ። በራስዎ መመሪያ እንዳልተጻፈ ስለሚቆጠር ክቡርነትዎ ገና አልተሾሙም ማለት ነው። በዚህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ ካልተሾሙ የእኔን መልቀቂያ ማን ይፈርምልኛል?