ስለ ቀዘቀዘው ላፕቶፕ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የላፕቶፕ ጥገና ማዕከል ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ቤተሰብዎ፣ የሥራ ባልደረቦችዎ፣ በእንግዳ መቀበያው ላይ የተቀመጠው የፕላስቲክ አበባም ሳይቀር በደህና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም። ዕድሜዬን በልብስ ሰፊነት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ ካረፈች ሰባት ወሯ ነው። በግልጽ የምጽፍልዎትም ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን፣ በእጄ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች እስካሁን ወደ ጠረጴዛዎ መንገድ ላይ ስለሆኑ ነው።

ባለቤቴ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበረች። ጉሮሮዋን ታማ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድምፅዋ እንደማይመለስ ሐኪሞቹ በነገሯት ሳምንት፣ ለዓመታት ከክፍሏ ያልተለየውን ላፕቶፕ ከፍታ የንባብ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ለተማሪዎቿ እያነበበች ቀዳችው። አርባ አንድ ንባብ ነው። የቀዳችው ቤታችን ውስጥ፣ እኔ በምሰፋበት ክፍል ስለነበር የስፌት መኪናዬ ከኋላዋ ይሰማል። በአሥራ ዘጠነኛው ንባብ መሐል ቆም ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ያንን መኪና አቁመው እንጂ፤ እየቀዳሁ ነው!» ትለኛለች። መኪናው ጸጥ ይላል፤ እሷም ሳቋን ውጣ ትቀጥላለች። ጫጫታ ያለባቸውን ደግሜ ሳልቀዳ ለትምህርት ቤቱ አልሰጥም እንዳለች ቀረች። ከሞተች ወዲህ ከምሳ በኋላ ቁጭ ብዬ ያችን ቁጣዋን መስማት ልማዴ ሆኖ ነበር።

ላፕቶፑ ግን እንደ ካውያ ይግል ጀመር። ማራገቢያው ይጮሃል፤ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ድርግም ይላል። ልጃችን ከምትኖርበት ከተማ ደውላ ድምፁን በፍላሽ ገልብጠህ አስቀምጥ ብትለኝም፣ በሞከርኩ ቁጥር እየጠፋ መሐል ላይ ይቋረጥብኛል። ወደ እናንተ የመጣሁት ተረጋግቶ እንዲገለበጥልኝ ብዬ ነበር። እነሆ ቅሬታዎቼ፣ ወይም እርስዎ እንደሚወዱት፣ አስተያየቶቼ፦

አንደኛ፦ በስልክ የመከሩኝን ስድስት ባለሙያዎችዎን አመሰግናለሁ። ስድስቱም በአንድ ቃል አጥፍተው ያብሩት አሉኝ፤ ማጥፋቱን ራሱ እንደሚችልበት በትሕትና አስረድቻለሁ። ጠፍጣፋና ደረቅ ነገር ላይ ያድርጉት ተባልኩ፣ አደረግሁ። ከሥሩ አየር ይግባለት ተባልኩ፣ በአራት የክር ጥቅሎች ላይ አስቀመጥኩት። መስኮት ይክፈቱ ተባልኩ፣ ከፍቼ ጉንፋን ያዘኝ። በመጨረሻም በዚያው ላፕቶፕ ላይ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ የቅሬታ ቅጽ እንድሞላ ታዘዝኩ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ለሚሠራ ዕቃ የሃያ ደቂቃ ቅጽ ያሰናዳው ሰው ሹመት ይገባዋል።

ሁለተኛ፦ በአካል ቀርቤ ተቀባዩን ባለሙያ አነጋገርኩ። በእኛ ሙያ መኪና ሲግልና ሲያቃስት መጀመሪያ ገልብጠን ብናኙን በብሩሽ እንጠርጋለን፤ ምናልባት ይሄም አቧራ ይሆን እንዴ ብዬ ጠየቅሁት። «አባቴ፣ ይሄ እኮ የስፌት መኪና አይደለም» ብሎ በፈገግታ አስተማረኝ። ላፕቶፑን ገልብጦም ያልተፈቀደለት ሰው እንዳይከፍተው የሚያዘውን ተለጣፊ ወረቀት አሳየኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ወረቀቱን አክብሬ እጄን ሰበሰብኩ።

ሦስተኛ፦ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋ ለመፈረሚያ አምስት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋልኝ ነበር፤ አምስቱም ላይ ፈረምኩ። አራተኛው፣ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሰነዶቼን ገልብጬ እንዳስቀመጥኩና ማዕከሉ እንደማይጠየቅ ይናገራል። መነጽሬ በሌላው ኮቴ ኪስ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ይህን በእናንተ ላይ አላላክክም። ሁለት ጊዜ ሳልለካ ጨርቅ ቆርጬ የማላውቅ ሰው፣ ሳላነብ ፈረምኩ። የፈረምኩት እኔው ነኝ። እሷ ብትኖር ትቆጣኝ ነበር፤ አሁን የሚቆጣኝ እንኳ የለም።

አራተኛ፦ በሦስተኛው ቀን ላፕቶፑን ተወልውሎ ተረከብኩ። በኋላ እንደተረዳሁት በማዕከላችሁ አሠራር ለሚግል ላፕቶፕ ሁሉ የመጀመሪያው እርምጃ በውስጡ ያለውን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው፤ የሥሩ ክዳን የሚከፈተው ደንበኛው ለአራተኛ ጊዜ ሲያማርር ብቻ ነው። ቤቴ ገብቼ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዴ ከፈትኩት። ስምዎ ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ንባቦቹን ፈለግሁ፤ አንድም የለም። እየፈለግሁ ሳለሁ ጋለና በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ እንደ ወትሮው ጠፋ። እናንተ የጠረጋችሁት እሷን ነው፤ ግለቱን ለእኔ ትታችሁልኛል።

አምስተኛ የለኝም። የጠፋ ሰነድ የሚፈልግ ባለሙያ ሁለት ሳምንት ደክሞ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ አጥርተው ነው የጠረጉት አለኝ። ለጥራታችሁ ምስክር ይሁናችሁ።

ከዚያ በኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና፣ ያንን የተከበረ ወረቀት ቀድጄ፣ በስፌት መኪናዬ ካቻቪቴ አሥር ብሎን ፈታሁ። ማራገቢያው በነጭ ዱቄት ተደፍኖ ነበር። የጠመኔ ብናኝ ነው፤ የክፍሏ፣ የሰሌዳዋ። በብሩሽ ጠረግሁት፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ እንደ ቅጻችሁ። ቀድሜ ደፍሬ ብከፍተው ኖሮ ዛሬ ድምፅዋ ነበረኝ። ይህ ቁጭት ከአንጀቴ አይወጣም።

አሁን ላፕቶፑ እጅ ቢያሳርፉበት ቀዝቃዛ ነው። ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። የሚያሰማኝ ግን የለውም። ከምሳ በኋላ የስፌት መኪናዬን አስነሳለሁ፤ የሚያስቆመኝ ስለሌለ እስኪመሽ እሰፋለሁ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰውን ነገር ከመጥረጋችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱ። ለመነሻ እንዲሆናችሁ አንድ የስፌት መኪና ብሩሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ፤ አጠቃቀሙ ቅጽ አያስፈልገውም።

ላሳዩኝ ትዕግሥት፣ ላስተማሩኝ ትምህርትና ላስረከቡኝ ንጹሕ ባዶ ዕቃ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ የሚወዱት ሰው ድምፅ ከጆሮዎ እንዳይጠፋ ከልቤ የምመኝልዎት፣

ታማኝ ደንበኛዎ፣
ልብስ ሰፊው፤ የመምህርቷ ባል

ማስታወሻ፦ መነጽሬን አድርጌ ቅጹን አሁን አነበብኩት። ከመሣሪያው የሚወጣ ማንኛውም ነገር የማዕከሉ ንብረት ነው ይላል። ከማራገቢያው የወጣው አንድ ቁንጥር ጠመኔና በእንዝርቱ ላይ የተጠመጠመ አንድ ረጅም ሽበት ነው። ጠመኔውን በፖስታው ውስጥ ያገኙታል። ፀጉሩን ግን አልሰጥም፤ ይክሰሱኝ።