በአባቴ ድምፅ ላይ ስለተለጠፈው የንብረት ቁጥር

ሆሳዕና፣ ሐምሌ 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሲላስ
የከተማችን የድምፅ ማዳመጫ ክፍል ዕቃ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመላው የኮሚቴ አባላት የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ ለጆሮዎቻችሁ ደግሞ ለብቻው እመኛለሁ፣ ምክንያቱም የመረጣችሁትን ዕቃ ቀርባችሁ የምታዳምጡበት ቀን ከመጣ በጣም ያስፈልጋችኋል። እኔ ሙኒር ረሺድ እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው በላይ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ በኮሚቴዎ ውስጥም የኅብረተሰቡ ተወካይ ሆኜ የመቀመጥ፣ ሻይ የመጠጣትና አስተያየት ያለመስጠት ዕድል ስለሰጡኝ ምንጊዜም ባለውለታዎ ነኝ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ከሥሩ ልጀምር። አባቴ ረሺድ በአካባቢያችን የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። በሕይወት ሳሉ የሁለት ወንድማማቾችን የድንበር ክርክር ሲዳኙ በካሴት ተቀርጸው ነበር፤ ያንን ካሴት ከሌሎች ሽማግሌዎች ካሴት ጋር ወደ ኮምፒውተር ያስገለበጠው የእርስዎ ኮሚቴ ነው፣ ለዚህም ያለ አንዳች ሽሙጥ አመሰግናለሁ። ዋናውን ካሴት በኋላ ቴፕ ስለበላው የአባቴ ድምፅ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። በሲዲ ገልብጡልኝ ብዬ ስጠይቅ የሕዝብ ቅርስ ከክፍሉ አይወጣም ተባልኩ፤ እኔም የሕዝብ ልጅ መሆኔን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ክረምቱ ሲወጣ እናቴ ፋጡማ ከእህቴ ከፈቲያ ጋር ልትኖር ወደ ዱራሜ ትሄዳለች። ከመሄዷ በፊት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የባሏን ድምፅ መስማት። የአባቴ ድምፅ ቀጭን ነበር። ሽምግልናው ሲረዝም እናቴ ከበሩ ሆና፣ በል አሳጥረው፣ ሰዉ ርቦታል ትላቸው ነበር፤ እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ፍርዱ ይገቡ ነበር። የጆሮ ማዳመጫ ይደረግላት ቢባል ደግሞ እናቴ አትቀበልም፤ ሰው ሲናገር ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው የሚሰማው ባይ ናት። ስለዚህ ተስፋዋ ሁሉ የወደቀው እርስዎ በመረጡት ስፒከር ላይ ነው። ቅሬታዎቼን ከዚህ በታች በአክብሮት በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ አመራረጡ። ለኮሚቴው ሁለት ዓይነት ዕቃ ቀርቦ እንደነበር፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ እንደነበር አይዘነጉትም። አንደኛው መጽሐፍ የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮችና የምሳ ዕቃ የምታክል አምፕሊፋየር ሲሆን፣ ለጠረጴዛ፣ ለኮምፒውተር፣ አጠገቡ ለሚቀመጥ ሰው የተሠራ ነው። ሁለተኛው ወገብ የሚደርሱ፣ ቀይ መብራት የሚያበሩ ሳጥኖችና ሁለት ሰው የሚሸከመው አምፕሊፋየር ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለቱንም ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ የሚያውቀውን ሰው ድምፅ አጫውቶ፣ የትኛው ያንን ሰው ይመስላል ብሎ ይመርጥ ነበር። እርስዎ ግን በስንቱ ስብሰባ ያካበቱትን ልምድ ተጠቅመው፣ የኋላ ወንበር ያልሰማው ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል በማለት ዕቃዎቹን ኳስ ሜዳ አስወጡ፤ አባላቱንም ከወዲያኛው ጎል ጀርባ አሰልፈው፣ የተሰማው እጁን ያውጣ አሉ። ለትንሹ ዕቃ ማንም እጁን አላወጣም። ለትልቁ ግን ኮሚቴው በሙሉ፣ በአይሱዙ ላይ ተጭነው ወደ ጊምቢቹ የሚያልፉ መንገደኞችም ጭምር እጃቸውን አወጡ። ክፍሉ ውስጥ ጎል እንደሌለ፣ የሚያዳምጠው ሰው ጉልበትም ጠረጴዛውን እንደሚነካ ለማስታወስ ያወጣሁት የእኔ እጅ ለትልቁ ዕቃ የተሰጠ ድጋፍ ሆኖ ስለተቆጠረልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ስለ ዋቱ። በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የብዙ ሺህ ዋት ቁጥር ድምፅዎን ከፍ አድርገው ሲያነቡልን እኔም አጨብጭቤያለሁ። በርካሽ ስፒከር ካርቶን ላይ የሚጻፍ ዋት ግን የሠርግ ቤት ምርቃት ያህል ነው፤ በደስታ ይባላል፣ ቆይቶ የሚጠይቅ የለም። ቁጥሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ዕቃው በተከፈተ ቁጥር ከሞርሲቶ እስከ ዱራሜ ያለው ሕዝብ በኩራዝ ያመሽ ነበር። መብራታችንን ስላተረፈልን የካርቶኑን ጸሐፊ ያመስግኑልኝ።

3ኛ. ስለ ጥበቃው። ወፍራሙን ድምፅ የሚያጎላው የቤዙ ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ዞሮ፣ ማንም እንዳይነካካው በፕላስተር ታሽጎ፣ በላዩ ክብ ማኅተም ተመቶበታል። እንዲህ ያለ ጥበቃ ለባንክ ካዝና እንኳ ተደርጎ አላየሁም። የንብረት ቁጥሩ ወረቀት ደግሞ የሳጥኑ ጀርባ ባዶ ሆኖ፣ ጎኑ ባዶ ሆኖ፣ ቀጭኑን ድምፅ በምታወጣው በላይኛዋ ትንሽ ክብ ላይ በሙጫ ግጥም ተደርጎ ተለጥፏል። አንዱ ሳጥን ላይ ብቻ ቢሆን በስህተት ነው እል ነበር፤ ነገር ግን በፍትሐዊነት ሁለቱም ሳጥኖች እኩል ተለጥፎባቸዋል። የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ አዜብ ደግ ሰው ናቸው፤ ወረቀቱን ቢያነሱልኝ ብዬ ብለምናቸው ኮሚቴው ሳይሟላ የተነሳ ቁጥር እንደጠፋ ንብረት ይቆጠራል፣ እኔን ነው የሚያስጠይቀኝ አሉኝ። ኮሚቴው እንዳይሟላ ደግሞ አንዱ አባል ሥልጠና ላይ ነው፤ እሱ ሲመለስ ሌላው ይሄዳል። የሠለጠነ ኮሚቴ ያለን በመሆናችን እንኮራለን።

አራተኛውን በቁጥር ማስገባት ስላልሆነልኝ እንዲሁ እጽፈዋለሁ። ባለፈው ሳምንት እናቴ አዲሱን ሻሿን አስራ ከእኔ ጋር መጣች፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ወይዘሮ አዜብ የአባቴን ቅጂ ከፈቱልን። ከሳጥኖቹ የወጣው ድምፅ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ የሚወርድ የጭነት መኪና ይመስል ነበር፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ቃሉ ግን አይለይም። እናቴ በትዕግሥት ካዳመጠች በኋላ ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ ይህ ሰውዬ ማን እንደሆነና የእኛ ሰው ተራ መቼ እንደሚደርስ በሀዲይኛ ጠየቀችኝ። አዘንኩ፣ ክቡር ሆይ፣ ተናደድኩም። እሷ ደግሞ ማንንም ማስቀየም ስለማትወድ፣ ሰውዬው ከኮሚቴው ከሆነ ጎበዝ ነው፣ ከሩቅ ይሰማል ብላ ወጣች።

እንግዲህ የምለምንዎ አዲስ ዕቃ አይደለም። የተመረጠው ተመርጧል፣ ቀይ መብራቱም ያምራል። የምለምነው ሁለቱ ወረቀቶች ወደ ሳጥኖቹ ጀርባ እንዲዛወሩና ቤዙ ወደ መካከል እንዲመለስ፣ ይህም እናቴ ወደ ዱራሜ ሳትሄድ እንዲፈጸም መልካም ፈቃድዎን ብቻ ነው።

ለከተማችን ጆሮ ስለደከሙት ድካም ሁሉ ደግሜ እያመሰገንኩ፣ ከወዲያኛው ጎል ጀርባ ለቆማችሁ በሙሉ ከወዲህኛው ጎል የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ለተቃውሞ እጁን አውጥቶ በድጋፍ የተቆጠረው፣
ታዛዥዎ ሙኒር ረሺድ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ እናቴ፣ እስቲ የእኛ ሰው ተራው ደርሶ እንደሆነ እንየው ብላ ዛሬ ጠዋት ወደ ክፍሉ መልሳ ወሰደችኝ። ወይዘሮ አዜብ ቅጂውን ከፍተውልን፣ ዝናቡን ልይ ብለው ወደ ውጭ ወጡ፤ ዝናብ አልነበረም። እናቴ ማንበብ ስለማትችል የእርስዎ የንብረት ቁጥር ሱቄ ውስጥ ከጨርቅ ላይ የምትልጠው የዋጋ ወረቀት መስሏት፣ ሁለቱንም በጥፍሯ ልጣ አነሳች፤ ፕላስተሩንም ቆሻሻ ነው ብላ ጨመረችበት። ማዞሪያውን የመለስኩት እኔ ነኝ። አባቴ መናገር ጀመሩ፤ ያ ቀጭን ድምፅ ራሱ ነው። እናቴ ወንበሯን አስጠግታ ብዙ ሰማች፤ ነገሩ ሲረዝምባት፣ በል አሳጥረው፣ ሰዉ ርቦታል አለች። አባቴም ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ፍርዱ ገቡ። አየህ፣ አሁንም እሺ ይለኛል ብላ በኩራት አየችኝ፤ ይህን ስጽፍ ለዱራሜ ጓዟን እየሸከፈች ነው። ስለ ወረቀቶቹ አያስቡ፣ አንዳቸውም አልጠፉም፤ ሁለቱንም በክቡርነትዎ የስብሰባ ወንበር መደገፊያ ላይ በአዲስ ሙጫ ለጥፌያቸዋለሁ። ከእንግዲህ ቆጠራ ሲመጣ የአባቴን ድምፅ ያፈነው ንብረት የት እንደሚገኝ ሳይቸገሩ ያገኙታል።